በዚያች ሌሊት የቆመልኝ ታክሲ

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ለመጻፍ 2 ዓመት ፈጀብኝ። በጀመርኩት ቁጥር እንባ ይቀድመኛል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚያን ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። ከሴት ልጄ በኋላ የፀነስኩት ልጅ በሆዴ ሞቶብኛል። ጾሜ ጸልዬ ነበር፣ አልሰማኝም ብዬ አኮረፍኩ። አፌ ይዘምራል፣ ልቤ ግን ተዘግቷል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የ2 ዓመት ልጄን ትኩሳት እንደ እሳት ለበለባት። ባለቤቴ ለሥራ ርቆ ሄዷል። አቅፌያት ወጣሁ፣ ታክሲ አገኘሁ፣ በሒሳቡም ተስማማን። መንገድ ላይ ሰውነቷ ድርቅ አለ። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጮህኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ዳር ያዘ።

"እዚህ እንዳትሞትብኝ፣ ውረጂ!"

ለመንኩት። የያዝኩትን ሁሉ ውሰድ አልኩት። ወርዶ በሩን ከፈተና ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ያ የኋላ ቀይ መብራት ሲርቅ አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ።

ጨለማ ነው፣ ሰው የለም፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። እውነቱን ልናገር፣ አልጸለይኩም፣ ተቆጣሁ። "አንዱን ወሰድክ፣ ይቺንም ልትወስድ ነው? የት ነህ?" ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ። ከዚያ ሳላስበው "ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" የሚለው ከአፌ ወጣ። ልጅ ሳለሁ እናቴ በቃሌ ያስያዘችኝ መዝሙር 121 ነው። ቀጣዩ ጠፋብኝ። እሱኑ ብቻ ደጋግሜ እላለሁ፣ ልጄ እጄ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ፣ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ።

የመኪና መብራት መጣ። ታክሲ ነው። አልፎን ሄደ። ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ የፍሬን ድምፅ ሰማሁ፣ ወደ ኋላ እየነዳ መጣ። ሹፌሩ አንድ አዛውንት ናቸው።

"ግቢ ልጄ" አሉኝ፣ ሌላ አልጠየቁኝም።

ጣቴን በጥርሷ መሃል ልከት ስል "አፏ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ! በጎኗ አስተኚያት፣ ልብሷን ፈታ አድርጊላት። የኔንም ልጅ እንዲህ ያደርገው ነበር፣ ዛሬ እሱም ልጅ ወልዷል" አሉኝ። ያቺ ቃል ነፍሴን መለሰችልኝ። ፍሬቻ አብርተው፣ ጡሩንባ እየነፉ በረሩ። ሳንደርስ መንቀጥቀጧ ቆመ፣ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም!

የሌሊት ተረኛ የነበርሽው ነርስ፣ ልጄን ከእጄ የተቀበልሽበትን አኳኋን አልረሳውም፣ ጌታ ይባርክሽ። ሐኪሙ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በትኩሳት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳይተው ያልፋል። አፏ ውስጥ ነገር ብከት ግን ላንቃት ወይም ጥርሷን ልሰብር እችል ነበር። አዛውንቱ ያሉት ልክ ነው።

ላመሰግናቸው ስወጣ የሉም። ሒሳብ አልተቀበሉም። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ የጠፋብኝ ቃል መጣልኝ፦ "እግዚአብሔር መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል።" መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኩርፊያዬ ያለቀው ያኔ ነው።

ወራት ሙሉ በየታክሲው ፈለግኋቸው፣ አላገኘኋቸውም። ያወረደኝንም ለረጅም ጊዜ ስረግመው ነበር። ሹፌር ሁሉ ጨካኝ ነው ልል አፌን ስከፍት ግን የዚያ አዛውንት ፊት ይመጣብኛል፣ እሳቸውም ሹፌር ናቸውና። ያኛው ፈርቶ ይሆናል። ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ፣ ቀይ መብራቱን ያየሁ ዕለት ግን እንደገና ያመኛል። ጸልዩልኝ።

አባቴ፣ ምናልባት ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፣ ልጅቷ ደህና ናት። 4 ዓመት ሞላት፣ ትሮጣለች። የግራ እግር ጫማዋ መኪናዎ ውስጥ ቀርቷል። ካለ እርስዎ ጋር ይሁን፣ አሁን አይበቃትም።