ዋንዛው ላይ የቀረችው

ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ቅዳሴው እንዳለቀ ማንንም ሳላናግር ወደ ቤት ነዳሁ። የከፋኝ ነገር የለም፤ ሰው መሃል መቆየት ብቻ አላስቻለኝም። እንዲህ ያለ ቀን እንዳለኝ ታውቃላችሁ። ነጠላዬን አጣጥፌ አስቀመጥኩ፣ ቡና ላፈላ ብዬ ተውኩት፣ ወጥ ቤት ገብቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ውጪ ሰማዩ አመድ መስሏል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሚያዝያ ላይ እንዲህ ናት፤ ትዘንባለች ስትሉ አትዘንብም፣ ትገልጣለች ስትሉ አትገልጥም።

መስኮቱ ላይ ያለችው ኦርኪዷ ናት። ነጯ። እማ ያረፈች ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ ያመጡልኝ። ያኔ ቤቱ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቶ፣ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ፣ ማን ተቀብሎ እንዳስቀመጣት እንኳ ሳላይ እዚያው መስኮት ላይ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነ። ከመጣች በኋላ ሁለቴ አብባለች። የአሁኑ አበባዋ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ሦስት ወር ቆየ፤ የመጨረሻዋን ሐሙስ ጠዋት ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ወድቃ አነሳኋት።

ፖቷን መቀየር የነበረብኝ አምና ነው። አውቀዋለሁ። አልነካኋትም። በዚያ ሰሞን ወደ ቤቴ የገባ ነገር ሁሉ እንደነበረ እንዲቆይልኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። የዚያን ጊዜ ሻማ እንኳ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ።

ትናንት ማታ ግን ሳላስበው የገዛሁትን ቅርፊት ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። እንዲህ ያለ ኦርኪድ የሚተከለው በአፈር አይደለም፣ በተፈረካከሰ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ደረቁን ከተጠቀማችሁበት ውኃውን አይዝም፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ማደር አለበት። ዛሬ በፖስታ የሚመጣውን የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ፣ መቀሱን በአልኮል ጠረግኩ፣ አወረድኳት።

መቼ ነው የሚቀየረው ለምትሉኝ (የቨርጂኒያዋ እህታችን ሦስቴ ጠይቃኛለች፣ ሦስቴም በስልክ ሳልጨርስላት ቀርቻለሁ)፣ እኔ መጀመሪያ የማየው አበባው መርገፉን ነው። አበባ ላይ እያለች ከነካካችኋት እምቡጦቿን ትጥላለች። ከዚያ ከቅጠሎቹ ግርጌ አዲስ ሥር ብቅ ማለቱን አያለሁ፤ ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሥር ለመስደድ እየተነሳች ነው ማለት ነው። ቅርፊቱ በዓመት ተኩል፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ይደቅቃል፣ እርስ በርሱ ይጠቀጠቃል፣ ውኃ አዝሎ ይቀመጣል። የዚህች ተክል ሥር ደግሞ ከውኃ ይልቅ አየር ነው የሚፈልገው፤ ሲታፈን ይሞታል። ሽታ ካመጣች ወይም ስትነኳት ከተነቃነቀች ግን አበባም አዲስ ሥርም አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን አውጧት። ጎረቤቴ ለራሷ ኦርኪድ፣ ለቲማቲም የገዛችውን ጥቁር አፈር ሞልታላት ነበር፣ በፍቅር፤ ሁለት ወር አልቆየችላትም። ስትጥላት ዕንባዋ መጥቶ ነበር፣ አይቻለሁ።

ፖቷን ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ አወጣኋት። መሃሏ ላይ እንቁላል የሚያህል የታመቀ ሞስ (የደረቀ የዛፍ ሽበት መሳይ ነገር) ነበር፣ ችግኝ ሳለች የተተከለችበት። ዙሪያው ያለው ቅርፊት ደርቋል፣ እሱ ግን እስፖንጅ ሆኖ እርጥበቱን ይዟል። ጉዳቱ ያለው እዚያ ነበር። ደህና ሥርና የሞተ ሥር በሁለት ጣት ጫን ሲባል ይለያል። ደህናው ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ ብርማ ይሆናል፣ ውኃ ሲነካው ወዲያው አረንጓዴ። የሞተው ቡናማ ነው፣ ውስጡ ባዶ፤ ስትስቡት ልባሱ እንደ ካልሲ ይወልቅና ቀጭን ክር ብቻ እጃችሁ ላይ ይቀራል። አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው። ከ18 ሥር ውስጥ 7 ነው የተረፈው።

ቅጠሏ ላይ ግን ምንም አይታይም ነበር። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ወዛም። በዚህ ሁሉ ጊዜ በየሳምንቱ ለብ ያለ ውኃ እየሰጠኋት፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግኩ፣ ደህና ናት እላለሁ። እማ በስልክ «እኔ ደህና ነኝ፣ ስለ ራስሽ አውሪኝ» ትል የነበረው ትዝ አለኝና መቀሱን አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ።

ከተረፉት ሥሮች አራቱ ከፖቱ ውጪ አየር ላይ የነበሩት ናቸው። መጀመሪያ ያመጧት ሰሞን እነዚያን አስቀያሚ ናቸው ብዬ ልቆርጣቸው ነበር። ተፈጥሮዋ እንደዚያ ነው። አገሯ ፊሊፒንስ፣ ኢንዶኔዥያ፣ በዚያ ያለው እርጥብ ጫካ ነው፤ መሬት ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይ ተለጥፋ ነው የምትኖረው። ሥሯ ቅርንጫፉን ይቆነጥጣል፣ ዝናብና ጤዛ ይጠጣል፣ ወዲያው ይደርቃል። ከዛፉ ምንም አትወስድም። መቀመጫ ብቻ ነው የጠየቀችው።

ይህን እያሰብኩ ሥሮቹን ሳይ «ተቀጽላ» የሚለው ቃል በአባዬ ድምፅ መጣብኝ።

ጅማ አካባቢ፣ አጋሮ ያለውን ቡናችንን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አባዬ ከለቀማ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ቡናውን ይገፍፈው ነበር። ግንዱ ላይ የበቀለውን ሁሉ፣ የዛፍ ሽበቱን፣ ፈርኑን፣ ቅጠለ ወፍራሙን፣ በቢላዋ ጀርባ እየፋቀ መሬት ይጥለዋል። እኔና ታላቄ በቅርጫት እየለቀምን ዳር እንደፋለን። «ተቀጽላ ነው፣ ቡናውን ይመጥጠዋል» ይል ነበር። አሁን ሳስበው ስለ አንዱ ልክ ነው፤ ሥሩን እንጨቱ ውስጥ አስገብቶ የሚመጥጥ እውነተኛ ተቀጽላ አለ፣ ቅርንጫፍ ያደርቃል። ሌሎቹ ግን እንግዳ ናቸው፣ ተቀምጠው ብቻ ነው። ከነዚያ መሃል ኦርኪድ ነበር። በእርግጠኝነት ነበር። ወፍራም ብርማ ሥር በጣቴ እየላጥኩ ስጫወት ትዝ ይለኛል፤ ልባሱ ሲወልቅ መሃሉ ላይ ክር ይቀራል። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ያደረግኩት ያንኑ ነው። እጄ ቀድሞኝ ያውቀው ነበር።

አንዷ ግን አልተነካችም። ወደ ምንጩ በሚወርደው መንገድ፣ የድሮው ዋንዛ ላይ፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ ከፍ ብሎ። ቅጠሏ ጥቂት፣ አበባዋ ነጭ፣ ኮከብ የመሰለች፣ ከጀርባዋ እንደ ክር የተንጠለጠለ ረጅም ጭራ ያላት። አባዬ ያንን ዋንዛ ሲገፍፍ ሽበቱን ሁሉ አራግፎ እሷ ጋ ሲደርስ ቢላዋውን ያዞረዋል። በየዓመቱ። ልጅ ስለነበርኩ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ዋንዛው እንደዚያ ነው፣ አለቀ።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው ስለሷ ያነበብኩት። ኤራንጊስ ከሚባሉት የኦርኪድ ወገን ትመስለኛለች። ነጭ የሆነችው በጨለማ እንድትታይ ነው። ጭራዋ ጫፍ ላይ ማር መሳይ ፈሳሽ አለ፣ እዚያ የሚደርስ ረጅም ምላስ ያለው የሌሊት የእሳት ራት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን ሽታ የላትም። ሲመሽ ነው የምትሸተው። የመስኮቴ ኦርኪድ ደግሞ ፋላኖፕሲስ ነው ስሟ፣ ብሉም የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ1825 እ.ኤ.አ. ያወጣላት፤ በግሪክኛ የእሳት ራት መሳይ ማለት ነው። አንዷ የእሳት ራት ትጠብቃለች፣ አንዷ ራሷ የእሳት ራት ትመስላለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል።

ሽታዋን የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጥጃ ጠፍቶ ከታላቄ ጋር ሲጨልም ወርደን። ዋንዛው ሥር ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን። ጃስሚን የመሰለ፣ ግን ቀዝቃዛ ሽታ። ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላወቅንም ነበር፣ ታላቄ ቆሌ ነው ብላ ጎትታኝ ሮጠች።

እጄን ታጥቤ ስልኩን አነሳሁ። እዚያ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ አባዬ ራት በልቶ ሬዲዮ ይዞ የሚቀመጥበት።

«አባዬ፣ ዋንዛው ላይ የነበረችውን ነጭ አበባ ታስታውሳታለህ?»

«የቱ ዋንዛ?»

«ወደ ምንጩ መውረጃው ላይ ያለው።»

«እሱማ ከተቆረጠ ቆየ። የታላቅሽ ቤት በር እሱ አይደል እንዴ?»

ያንን በር ስንት ጊዜ በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር።

«ሌላውን ሁሉ ስትገፍፍ ያቺን ለምን ተውካት?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ልል ስል፣ «እናትሽ ናታ» አለኝ። «እሷን አትንካ አለችኝ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን ብዬ እጠይቃታለሁ ልጄ። አትንካ ካለች አልነካም።»

ከዚያ ስለ ወገቡ አወራን፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ታላቄ ልጆች። በዓሉን እንዴት ዋልሽ አለኝ፣ ደህና አልኩት። መርቆኝ ዘጋ።

ይኸው መሽቷል። ቅርፊቱ ባልዲው ውስጥ ነው። ኦርኪዷ ማስታወቂያው ላይ ተጋድማ ሥሯ ብርማ ሆኗል። ለሷ ክፉ አይደለም፣ የተቆረጠ ሥር ጥቂት ሰዓት ቢነፍስበት ቁስሉ ይደርቃል። የሚቀረኝ ትንሽ ነው። የሚያሳየው ላስቲክ ፖት አዘጋጅቻለሁ፣ ብርሃን ሥሩ ጋ እንዲደርስ፣ እኔም ውስጡን እንዳይ። ትልቅ ፖት አልገዛሁም፤ ሰፊ ከሆነ መሃሉ ሳይደርቅ ይቆይና ያው መበስበስ ይመጣል፣ ሥሯ ልክ የሚገባበት ይበቃል። የታችኛው ቅጠሏ ግርጌ ከቅርፊቱ እኩል ይሆናል፣ አይቀበርም። ጥቂት ቀን ውኃ አላጠጣትም። አዲስ ሥር ሲሄድ ካየሁ ማዳበሪያ አቅጥኜ፣ ወረቀቱ ከሚለው ግማሹን።

አሁን እነሳለሁ እያልኩ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ።

እማ ውኃ የምትቀዳው ጠዋት ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ እኔ እየተከተልኳት። ማታ እኛን አብልታ፣ እግራችንን አሳጥባ፣ በሩን ራሷ ነበረች የምትቀረቅረው። ዋንዛው ሥር ስናልፍ ቀና ብላ ስታይ አንድ ቀን አላየኋትም። በጠዋት ደግሞ ያቺ አበባ አትሸትም፣ ከሽበቱና ከቅጠሉ መሃል ለማያውቃት ሰው ብዙም አትታይ።

ታዲያ እማ ሲመሽ ወደዚያ የምትወርደው መቼ ነበር?