ሁለት ምሽት በቢሾፍቱ፦ ጨረቃን በተራ ካሜራ

ጨረቃን ፎቶ ለማንሳት ጨለማ ፍለጋ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። የመንገድ መብራት አይጎዳትም። የሚጎዳት የሚንቀጠቀጥ አየርና የሚንቀጠቀጥ መሬት ነው። የምኖርበት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲተፋ ስለሚያመሽ፣ በቴሌስኮፑ የምትታየው ጨረቃ ጠርዟ እንደ ፈላ ውኃ ይንተከተካል። ቢሾፍቱ የወረድኩት ሣር ያለበት መሬት ፍለጋ ነው። ወሩ ጥር፣ የጨረቃዋ ዕድሜ ከተወለደች 7 ቀን፣ ማለት ግማሽ ጨረቃ።

ቃሊቲ መናኸሪያ ላይ የሚኒባሱ ረዳት የቴሌስኮፑን ሳጥን አየና «ይሄ የሰው ቦታ ይይዛል» ብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ሳጥኑ ግን እስከ መጨረሻው ጭኔ ላይ ነው የሄደው። ተናድጃለሁ፤ ቢሆንም ሌንስ ያለበትን ዕቃ ጣሪያ ላይ አስሮ ከመሄድ ሁለት ሒሳብ መክፈል ይሻላል። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም።

የያዝኩት የፊት ሌንሱ 70 ሚሜ፣ የትኩረት ርዝመቱ 700 ሚሜ የሆነ ቴሌስኮፕ፣ ባለ 25 ሚሜ የዓይን ሌንስ (28 ጊዜ ያጎላል) እና ሌንሱ የማይፈታ፣ 3 ጊዜ ዙም የሚያደርግ የኪስ ካሜራ ነው። ካሜራውን ከዓይን ሌንሱ ጋር የሚያገናኘው በቀኝ ማዕዘን የታጠፈ ላሜራ ነው። አንዱ ጫፍ በፋሸታ የዓይን ሌንሱን አንገት ያቅፋል፤ እንዳይንሸራተትና እንዳይጭር በመካከሉ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ይገባል። ሌላው ጫፍ ላይ ካሜራው በሆዱ በኩል በ1/4 ኢንች ብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ካሜራው ውስጥ ከ5 ሚሜ በላይ እንዳይገባ ሮንዴላ (ዋሸር) ወይም ወፍራም ካርቶን ጣል ማድረግ ነው፤ ረጅም ብሎን ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል።

የመጀመሪያው ምሽት ባክኗል። የእንግዳ ማረፊያው «ሐይቅ የሚያይ» ብሎ 1,800 ብር የተቀበለበት ክፍል የእንጨት ሰገነት አለው፤ ቴሌስኮፑን እዚያ ተከልኩ። እንጨት ወለል ለዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋ ነው። ጎረቤት ክፍል ውስጥ ሰው በተራመደ ቁጥር ጨረቃ ትዘላለች። ሌላው ችግር ከፍታዋ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በጥር ወር የ7 ቀን ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአናት በላይ ናት። ርካሽ መቆሚያ ላይ ያለ ረጅም ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲዞር ጀርባው ከእግሮቹ ጋር ይጋጫል፤ ካሜራው ሲጨመርበት ደግሞ በክብደቱ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ከ140 ፎቶ የሚረቡት 3 ነበሩ። ከዚያ እስከ ንጋት የጄኔሬተር ድምፅ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ መሸት ሲል የግቢው ዘበኛ ሰገነቱ ላይ ስባክን አይተው ኖሮ «ልጄ፣ ለምን ታች አትወርድም? ከሳሩ በኩል ማንም አይመላለስም» አሉኝ። ከቤታቸው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያውም ከሲሚንቶውም ራቅ ያለ ሣር ላይ ቦታ ሰጡኝ። መቆሚያው እንዲጸና ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውኃ ሞልተው አመጡልኝ፤ ከሦስቱ እግሮች መገናኛ ሥር መሬት ሳይነካ አንጠለጠልነው። እግሮቹን ሳላስረዝም ተውኩ፤ ያጠረ መቆሚያ የረጋ ነው። ቱቦው የፊት ጫፍ ላይ የካሜራውን ክብደት የሚያመዛዝን አሸዋ በካልሲ አሰርኩ። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ምንም አላነሳሁም፤ ያን ጊዜ ጨረቃ ወደ ምዕራብ አዘንብላ፣ ቱቦው ከእግሮቹ ነፃ ሆኗል። ከአድማስ 30 ዲግሪ በታች ከወረደች ግን አየሩ ስለሚወፍር መጨረስ ያለበት ከዚያ በፊት ነው።

አሠራሩ ይኸው ነው። መጀመሪያ በዓይን ፎከስ አደርጋለሁ፤ የሩቅ እይታ መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ ያድርገው፣ ካሜራው የሚያየው እንደ ጤናማ ዓይን ነውና። ካሜራው ፍላሹ ይጠፋል፣ ፎከሱ በተራራ ምልክቱ ሩቅ ላይ ይቆለፋል፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ የቀለም ሚዛኑ የፀሐይ ብርሃን። ካሜራው ሲገጠም ክብ ጥቁር ጠርዝ ይታያል፤ ዙሙን ወደ መጨረሻው ሲያስጠጉት ይጠፋል። ጥላው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ካሜራው መሃል አልገጠመም ማለት ነው። በእኔው ካሜራ ዙሙ መጨረሻ ከመድረሱ ጥቂት በፊት ሙሉዋ ጨረቃ በፍሬሙ ውስጥ ልክ ትሆናለች። ዲጂታል ዙም አይነካም፤ ሥዕሉን መቁረጥ እንጂ ማጉላት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርሃኑ ላይ ነው። ካሜራው በራሱ ሲለካ ዙሪያውን ጥቁር ሰማይ አይቶ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ያዘገያል፤ ጨረቃም ነጭ ሳህን ሆና ትወጣለች። ሹተሩን በእጅ ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ለግማሽ ጨረቃ ከ1/125 ሰከንድ መጀመር፣ ካልሆነ የብርሃን ማካካሻውን ከ1 እስከ 2 መቀነስ ነው። ሥዕሉ እስክሪን ላይ ትንሽ የጠቆረ ቢመስል ይሻላል፤ የጠቆረ ይቃናል፣ የነጣ አይመለስም። ታይመሩ (ከተጫኑት በኋላ ቆይቶ የሚያነሳው) 2 ሰከንድ አይበቃም፤ ርካሽ መቆሚያ ከተነካ በኋላ ለመርጋት እስከ 5 ሰከንድ ይወስድበታል፣ ስለዚህ 10። ጨረቃ በሁለት ደቂቃ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች፤ በፍሬሙ ወደ ምሥራቅ ጠርዝ አድርጌ እተዋታለሁ፣ ወደ መሃል ስትመጣ ታይመሩን እጫናለሁ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ፎቶዎቹ መደብዘዝ ጀመሩ። አየሩ መስሎኝ ነበር፤ የፊት ሌንሱን በባትሪ ሳየው ከሐይቁ የመጣ ጤዛ ለብሷል። በጨርቅ መጥረግ ሌንሱን ይጭራል። ዘበኛው የተቀመጡበትን የስፖንጅ ምንጣፍ ቁራጭ ሰጡኝ፤ ቱቦው ጫፍ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ ጠቅልዬ አሰርኩትና ጤዛው በራሱ እስኪደርቅ ጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ 72 ፎቶ። ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ቶለሚየስ፣ አልፎንሰስና አርዛኬል የሚባሉት ሦስት ጉድጓዶች ተደርድረው ታዩ። ትልቁ ቶለሚየስ ስፋቱ 150 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከፊቴ የነበረው የቢሾፍቱ ሐይቅም ጉድጓድ ነው፤ ግን በሌላ መንገድ የተፈጠረ። የጋለ ቅላጭ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት የፈነዳበት ነው፤ የጨረቃዎቹ አብዛኞቹ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ የመታቸው ናቸው። ባለ 70 ሚሜ ሌንስ ጨረቃ ላይ ከ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ያነሰ ነገር አይለይም። ሐይቁ ወርዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ ጨረቃ ላይ ቢሆን ኖሮ ፎቶዬ ውስጥ ነጥብ እንኳ አይሆንም።

ዘበኛው በዓይን ሌንሱ ሲያዩ ዝም አሉና «ቁልቁለት አለው እንዴ!» አሉ። ጥላው ነው ቁልቁለቱን የሚያሳየው፤ ሙሉ ጨረቃ ዕለት ፀሐይ ከፊት ለፊት ስለምታበራ ጥላ የለም፣ ፎቶውም ጠፍጣፋ ነው። ለዚህ ነው ከ5 እስከ 10 ቀን ያለችውን ጨረቃ የምመርጠው።

ቤት ተመልሼ ሥዕሎቹን ፒፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም መሃል አስያዝኩ፣ በአውቶስታከርት ከ72ቱ ምርጦቹን 20 አደራረብኩ፣ በሬጂስታክስ ጥራቱን አወጣሁ። ጥራት ማውጣቱን ማብዛት በጉድጓዶቹ ዙሪያ ነጭ ክር ያመጣል፤ ክሩ ሲታይ አንድ እርምጃ መመለስ ነው። በመጨረሻ ሥዕሉን ግራና ቀኙን ገለበጥኩት፤ ቴሌስኮፑ ጀርባ ላይ ያለው በ90 ዲግሪ የሚያጥፍ መስተዋት እንደ ፊት መስታወት ያገለብጣልና፣ ሳይመለስ ከጨረቃ ካርታ ጋር አይገጥምም።