አንቲሴረሙ «የለም» ሲል፦ የአንጀት ባክቴሪያዎችን በመለየት ሥራ የተማርኩት

ይህን የምጽፈው የአንጀት ግራም-ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎችን የመለየት ሥራ ገና ለሚጀምሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነው። እኔ ስጀምር አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከብዙ ክርክር፣ አንድን ታካሚም ከአላስፈላጊ መዘግየት የሚያድን ነገር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ብዙም አያስቸግሩም። ማኮንኪ አጋር በሚባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ ያለው የሐሞት ጨውና ክሪስታል ቫዮሌት ግራም-ፖዚቲቮችን ይገታል፤ ላክቶስን የሚያብላሉት ኢ. ኮላይና ክሌብሲዬላ ሮዝ ኮሎኒ ሲሠሩ፣ ሳልሞኔላና ሺጌላ ቀለም አልባ ሆነው ይወጣሉ። ኦክሲዴዝ ምርመራ ኤሮሞናስን፣ ቪብሪዮንና ሱዶሞናስን ይለያል፤ እነዚህ ፖዚቲቭ ናቸው፣ የኢ. ኮላይ፣ የሳልሞኔላና የሺጌላ ወገን ግን ኔጋቲቭ ነው። ምርመራውን ከማኮንኪ ላይ በተወሰደ ኮሎኒ አትሥሩት፤ ስኳር ከሌለው ተራ አጋር ላይ ውሰዱ።

ቲ.ኤስ.አይ. የሚባለው፣ ባክቴሪያው የትኛውን ስኳር እንደሚያብላላ በቀለም የሚያሳየው ቱቦ 0.1 በመቶ ግሉኮስ፣ 1 በመቶ ላክቶስና 1 በመቶ ሱክሮስ አለው። ግሉኮስን ብቻ የሚያብላላ ባክቴሪያ ያችን ጥቂት ስኳር ቶሎ ስለሚጨርስ፣ አየር የሚያገኘው የላይኛው ክፍል ወደ ቀይ ይመለሳል፣ ታችኛው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ግን በጊዜው ነው፤ ከ18 ሰዓት በፊት የተነበበ ቱቦ ሁለመናው ቢጫ ሆኖ ላክቶስ የሚያብላላ ሊመስል ይችላል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተነበበውም ያሳስታል። ብዙ መመሪያዎች «በማግስቱ ይነበብ» ብለው ያልፉታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም፣ የተዘራበት ሰዓት ቱቦው ላይ ይጻፍ።

የከፋው እርምጃ አግሉቲኔሽን ነበር፤ ይህም ባክቴሪያውን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ካሉበት ፈሳሽ (አንቲሴረም) ጋር ደባልቆ መሰባሰቡን ማየት ነው። ከአንድ ትኩሳት የጸናበት ታካሚ የደም ካልቸር ያገኘነው ባክቴሪያ በቲ.ኤስ.አይ. ላይ ላዩ ቀይ፣ ታቹ ቢጫ ሆነ፤ ጋዝ አልነበረውም፣ መርፌው የገባበት ቦታ ላይ ብቻ ቀጭን ጥቁር መስመር ታየ። የዩሬዝና የሲትሬት ምርመራዎች ኔጋቲቭ፣ የላይሲን ምርመራ ፖዚቲቭ ሆኑ፤ ባክቴሪያው ተንቀሳቃሽም ነበር። ይህን ሥዕል የሚሰጠው ሳልሞኔላ ታይፊ፣ ማለትም የታይፎይድ አምጪው ነው። ሆኖም በስላይድ ላይ የታይፊን የኦ አንቲጅን (ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘውን የገጽ ምልክት) ከሚይዘው ከኦ 9 አንቲሴረም ጋር ሲደባለቅ ጠብታው ወተት እንደመሰለ ቀረ፤ ምንም አልተሰባሰበም።

የክፍሉ የጽሑፍ የአሠራር መመሪያ በዚህ ጊዜ «ሳልሞኔላ አይደለም» ብላችሁ ላኩ ይል ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊም በዚሁ ጸኑ። እኔ ፊርማዬን አላኖርም አልኩ። ታይፊ ቪአይ የሚባል የላይ ሽፋን አንቲጅን እንዳለው ፊሊክስና ፒት በ1934 አሳይተዋል፤ ይህ ሽፋን ሥሩ ያለውን የኦ አንቲጅን ስለሚጋርደው አንቲሴረሙ የሚይዘውን አያገኝም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባክቴሪያውን በሳላይን በጥብጦ በፈላ ውኃ ውስጥ አቆይቶ ሽፋኑን ማስለቀቅ፣ አቀዝቅዞ ምርመራውን መድገም። ከአንቲሴረሙ ጋር የመጣው የአምራቹ ወረቀት ይህን በግልጽ ጽፎት ሳለ የእኛ መመሪያ ዘሎታል፤ የቪአይ አንቲሴረምም «አያስፈልግም» ተብሎ ስላልተገዛ ማቀዝቀዣችን ውስጥ አልነበረም። ኃላፊው ጉዳዩን በዊዳል ምርመራ እንቋጨው ቢሉም አልተቀበልኩም። ዊዳል በታካሚው ደም ውስጥ ያሉትን ፀረ እንግዳ አካላት ይፈትሻል፤ እነሱም ካለፈ ሕመም ወይም ከሌላ ሳልሞኔላ ሊመጡ ይችላሉ፣ እጃችን ላይ ያለው ባክቴሪያ ማን እንደሆነ ግን አይናገሩም።

አፍልቼ ደገምኩት፤ በኦ 9 ጠብታ ውስጥ በዓይን የሚታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ወዲያው ተሰባሰቡ። ውጤቱን ስልክ ደውዬ ለሐኪሙ ስነግር የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። ሕክምና ያላገኘ ታይፎይድ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት አንጀትን ሊያደማና ሊበሳ እንደሚችል እያወቁ፣ «መመሪያ ለአንድ ናሙና ተብሎ አይቀየርም» የሚል መልስ መስማት ግን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። አንድ መስመር እንዲጨመር ያቀረብኩት ጥያቄም ፊርማ ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ባዮኬሚካሉ ሥዕል ጥርት ያለ ሆኖ አንቲሴረሙ ዝም ካለ፣ መመሪያው ምንም ይበል፣ ሳታፈሉ «የለም» አትበሉ። የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላም እንዲሁ የሚጋርድ ሽፋን ሊኖረው ስለሚችል በእሱም ላይ ይሠራል። ከአንቲሴረም በፊት ሁልጊዜ በሳላይን ብቻ ፈትኑ፤ በሳላይን ራሱን ችሎ የሚሰባሰብ ኮሎኒ በአግሉቲኔሽን ሊነበብ አይችልም።

ተቃራኒውም ጥንቃቄ ይሻል። ቪአይ አንቲጅን በሳልሞኔላ ፓራታይፊ ሲ እና በአንዳንድ ሲትሮባክተር ፍሬውንዲ ላይም ይገኛል። ሲትሮባክተር በቱቦው ላይ ጥቁር ቀለም የሚያመጣውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለሚሠራ ሳልሞኔላን ይመስላል፤ ላይሲን ላይ ግን ኔጋቲቭ ነው። ቪአይ ፖዚቲቭ፣ ላይሲን ኔጋቲቭ የሆነ ባክቴሪያ ሲገጥማችሁ ታይፊ ብላችሁ አትላኩት።