ደረጃ የማይሰጥ ትምህርት ቤት

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። የምትማረው እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ባለ የኩዌከሮች ትምህርት ቤት ነው። ከአገር ቤት ዘመድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንተኛ ወጣች?» ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ደረጃ አያወጣም ስላቸው ትምህርቱ የላላ ይመስላቸዋል። እዚህ ያሉ ሐበሻ ወላጆችም እንደዚያ የሚያስቡ አሉ። እኔ ግን የላላ ነገር አላየሁበትም።

ኩዌከሮች እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ አካባቢ እንግሊዝ ውስጥ፣ በጆርጅ ፎክስ ስብከት የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። በሰው ሁሉ ውስጥ የእግዚአብሔር ብርሃን አለ ብለው ያምናሉ። ሰው ሁሉ እኩል ነው በማለታቸው ለዳኛ እንኳ ባርኔጣ አናወልቅም ብለው የታሠሩ አሉ። በ1688 ፔንስልቬንያ፣ ጀርመንታውን ላይ ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ያወጡትም ከእነሱ ወገን ናቸው። ትምህርት ቤት መክፈትም የቆየ ሥራቸው ነው። ፊላዴልፊያ ያለው ዊልያም ፔን ቻርተር ከ1689፣ ዋሽንግተን ያለው ሲድዌል ፍሬንድስ ከ1883 ጀምሮ እያስተማሩ ናቸው። ታሪካቸውን ሳውቅ ደረጃ የማያወጡበት ምክንያት ገባኝ፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው ስለሚሉ ነው። ልጆቹ መምህራኑን በስማቸው ብቻ የሚጠሩትም ለዚሁ ነው። ይሄኛውን ለመልመድ ግን ጊዜ ወስዶብኛል።

ባለቤቴን ያሳሰበው ሃይማኖቱ ነበር። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ልናስመዘግባት ስንሄድ ፊት ለፊት ጠየቀ፤ «ልጃችንን ኩዌከር ልታደርጓት ነው?» አሉን፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች ኩዌከር አይደሉም፤ ማንንም ሃይማኖትህን ቀይር አንልም። የሚጠበቅባት በሳምንት አንድ ቀን ከሁሉም ጋር በዝምታ መቀመጥ ነው። ጸሎታቸው ይኸው ዝምታ ነው፤ መናገር የፈለገ ተነሥቶ ይናገራል። ወላጅ በተጋበዘበት ቀን ሄጄ አየሁት። ቄስ የለም፣ መዝሙር የለም፣ መስቀልም የለም። አግዳሚ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። አንድ ትንሽ ልጅ ተነሥቶ ስለሞተ ውሻው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረና ተቀመጠ። ማንም አልመለሰለትም፣ ማንም አልሳቀበትም። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ሃይማኖቱ አላነሣም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። የታሪክ ጽሑፍ ጻፉ ሲባሉ ልጄ የመረጠችው አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 ጄኔቫ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ያደረጉትን ንግግር ነበር። በኩራት ጻፈችው። ዓለም ኢትዮጵያን ከዳት፣ አለቀ። መምህሯ ግሬድ ሳይሰጥ መለሰላት። ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። «ይሄን ከየት አወቅሽ?» «እንግሊዝና ፈረንሳይ ምን ፈርተው ነበር?» «ማዕቀቡ ምን ምን ይጨምር ነበር?» ልጄ ተናደደች። እውነት ለመናገር እኔም ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ በዚህ ታሪክ ላይ ምን ጥያቄ አለው ብዬ። ከዚያ ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብላ ትፈልግ ጀመር። በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅን እንዳልነካ አገኘች። የስዊዝ ቦይ ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ መቆየቱንም አገኘች። ሁለቱ መንግሥታት ሙሶሊኒ ወደ ሂትለር እንዳይጠጋ መሥጋታቸውንም አነበበች። መጨረሻ ላይ ያቀረበችው ጽሑፍ ያንኑ ክህደት የሚናገር ነው፤ ልዩነቱ አሁን ማንም በቀላሉ አያፈርሰውም። እኔ በትምህርት ዘመኔ ይሄን ታሪክ በቃሌ ነበር የማውቀው። እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ መምህር ግን አላጋጠመኝም።

የሚጠብቁት እንዲህ ከፍ ያለ ነው፤ ልጁን ግን ብቻውን አይተዉትም። ሒሳብ ሲከብዳት እኛ ሳናውቅ መምህሯ ቀድማ ኢሜይል ላከችልን። እያንዳንዱ ልጅ አድቫይዘር የሚሉት የሚከታተለው መምህር አለው። ከትምህርት በኋላ መምህራኑ የሚያስረዱበት ሰዓት አለ። ማንበብ ወይም ትኩረት ለሚቸግራቸው ልጆች ደግሞ ለብቻው የሠለጠነ ባለሙያ አለ።

የእኛ ችግር ግን ሌላ ነበር። ልጄ ሳይገባት «ገብቶኛል» ትላለች። ከቤት የያዘችው ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት ነው የተማረችው። እኛ ከስድሳ ልጅ በላይ በታጨቀበት ክፍል ስንማር «አልገባኝም» ያለ ይሳቅበት ነበር። አድቫይዘሯ ነገሩን ያወቀችው ቶሎ ነው። ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፣ መናገር ካቃተሽ ወረቀቱን ስጪ አለቻት። መጀመሪያ ወረቀቱን ትሰጥ ነበር። አሁን በአፏ ትጠይቃለች። በሪፖርቷ ላይም ከውጤቱ ሌላ እያንዳንዱ መምህር አንድ አንድ አንቀጽ ይጽፋል። የሒሳብ መምህሯ «ሲከብዳት ቶሎ እርዳታ ትጠይቃለች» ብላ ጻፈች። በምስጋና መልክ ነው የጻፈችው። ባለቤቴ ሁለቴ አነበበው።

ቅር የሚለኝም አለ። የቤት ሥራው ብዙ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት የምትቀመጥበት ቀን አለ። ክፍል ውስጥ መወያየት ከውጤት ስለሚቆጠር ዝምተኛ ልጅ ይጎዳል፤ በዝምታ የሚጸልይ ትምህርት ቤት ለዝምተኛ ልጅ የተሻለ ቦታ ቢያገኝለት ደስ ይለኛል። ደረጃ ባይለጠፍም ልጆቹ ማን ምን እንዳመጣ ያውቃሉ። ከፍ ሲሉ ደግሞ የኮሌጅ ጭንቀት አይቀርም። ኤፒ የሚባሉት፣ ገና ሁለተኛ ደረጃ እያሉ የሚወሰዱ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶችና ፈተናዎች ነገርም ብዙ ወላጅ ያስጨንቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲድዌልን ጨምሮ እዚህ አካባቢ ያሉ ስምንት የግል ትምህርት ቤቶች ኤፒ የሚባሉትን ኮርሶች እንደሚተዉ አስታውቀዋል። ኤፒ ከሌለ ልጃችን ኮሌጅ መግባት ይከብደዋል ብላችሁ አትፍሩ። ኮሌጆች ልጁን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ በሚሰጣቸው ኮርሶች ነው።

ስለ ክፍያው ብዙ ሰው በውስጥ ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልመልስ። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። እኛ ያንን አንከፍልም፤ አቅማችንም አይደለም። የክፍያ ድጋፍ አለ፤ የሚሰጠውም በቤተሰቡ ገቢ ተመዝኖ ነው። የታክስ ወረቀታችሁን አዘጋጁ። የድጋፍ ማመልከቻውን ከመግቢያ ማመልከቻው ጋር አብራችሁ አስገቡ፤ ልጁ ተቀባይነት እስኪያገኝ ከጠበቃችሁ ገንዘቡ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ቦታ ቀኑ የሚዘጋው የዚህ አገር ክረምት አጋማሽ፣ ጥር አካባቢ ነው። ፎርሙ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ጥያቄም ግራ ያጋባል። የተቸገራችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን።