«እሳቱን አየሽው?»

ከሃዋይ ከተመለስኩ ወዲህ አዳማ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «እሳቱን አየሽው?» የሥራ ባልደረቦቼም፣ ባለሱቁም፣ ጠዋት ጠዋት የሚያደርሰኝ የባጃጅ ሹፌርም። አላየሁትም። ይህን ስላቸው ፊታቸው ላይ የሚታየው ነገር ያስቀኛል፤ ሠርግ ተጠርታ ሙሽራዋን ሳታይ እንደተመለሰች ሴት ያዝኑልኛል።

«እሰይ፣ እንኳንም አላየሽው» ያለችኝ እማዬ ብቻ ናት። እሷ መጀመሪያውኑም ጉዞው አልተዋጠላትም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲናወጥ፣ ብፌ ውስጥ ያለው ብርጭቆ እየተንጫጫ ሌሊት ሲቀሰቅሰን፣ ፍራሿን አውጥታ በረንዳ ላይ ያደረች ሴት ናት። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ «የእኛው አልበቃ ብሎሽ ነው ባሕር ተሻግረሽ የሰው እሳተ ገሞራ ፍለጋ የምትሄጂው?» ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ የምመልሰው ጠፍቶኝ ሳቅሁ።

ጉዞውን ያሰናዳችው ሲያትል የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። ከእሷ ዘንድ ሃዋይ ውስጥ እስካለችው ኮና በአውሮፕላን ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። የሄድነው ከሃዋይ ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ወደሆነው፣ ራሱም ሃዋይ ወደሚባለው ነው። አምስት እሳተ ገሞራዎች እየተደራረቡ የሠሩት መሬት ነው። ከአምስቱ አላርፍ ያለው ኪላዌያ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ዲሴምበር ጀምሮ ጠባዩ እንዲህ ሆኗል፤ ለሰዓታት ላቫውን፣ ማለትም የቀለጠውን ዐለት፣ ወደ ላይ ይወረውራል፣ አንዳንዴም ከ300 ሜትር በላይ፤ ከዚያ ዝም ይላል፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት። እኛ የደረስነው ዝም ባለበት ሰሞን ነው። እህቴ በየጠዋቱ ስልኳን ከፍታ የጂኦሎጂ ባለሙያዎቹን ዘገባ ታነባለች፤ «ዛሬም የለም» ትላለች፤ ቡናዋን ሳትጨርስ ትነሳለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሷ የሚደረጉትን ነገሮች ሁሉ ስልኳ ላይ ጽፋ ነው የመጣችው። በሄሊኮፕተር መብረር፣ ማታ በጀልባ ወጥቶ ማንታ ከሚባለው ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓሣ ጋር መዋኘት፣ ጭፈራ ያለበት እራት። የሄሊኮፕተሩን ዋጋ ወደ ብር ስመነዝረው ዝም አልኩ። መዋኘቱም ቢሆን፣ እኔ ሶደሬ ገንዳ ውስጥ ጥግ ይዤ ከመንቦጫረቅ ሌላ የማውቀው የለም፤ በጨለማ ውቅያኖስ ውስጥ የሚታሰብ አይደለም። እሷ ሄዳ፣ በመብራቱ የተሰበሰበውን ጥቃቅን ነፍሳት ለመብላት የመጣ፣ ስፋቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዓሣ ከሆዷ ሥር ሲገለባበጥ አይታ፣ እያበራች ተመለሰች። አልቀናሁም። ትንሽ ብቻ።

የእኔ ቀን የነበረው ኪላዌያ ኢኪ የወረድንበት ነው። ከዋናው አፍ ጎን ያለ ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ «ትንሽ» ያሉት ከዋናው ጋር እያስተያዩት ነው እንጂ ከጫፉ ሆኖ ታች ያለው ሰው ነጥብ ነው የሚያክለው። እ.ኤ.አ. በ1959 እዚህ እሳቱ እስከ 580 ሜትር ተወርውሮ ነበር፤ ጉድጓዱም በላቫ ተሞልቶ የእሳት ሐይቅ ሆነ። ዛሬ ሐይቁ ጠጥሮ ሰው ወለሉን በእግሩ ያቋርጠዋል። ዞሮ ለመውጣት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመግባታችን በፊት ከመንገዱ አፍ ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽና የሚረጭ ፈሳሽ ተቀምጦ አገኘን። ኦሂያ የሚሉትን የአገሩን ዛፍ የሚገድል ፈንገስ በጫማ ጭቃ ከጫካ ወደ ጫካ ስለሚጓዝ ነው። እህቴ ቸኩላለች፤ እኔ ሶሌን ደህና አድርጌ ፈተግሁ። እንግዳ ሆኖ ገብቶ የሰው ዛፍ መግደል ነውር ነው።

ቁልቁለቱ ጫካ ነው፤ ፈርኑ እንኳ ዛፍ ያህላል። ከዚያ ጫካው በአንዴ ያልቅና ጥቁር ወለል ላይ ትወጣላችሁ። ተሰነጣጥቋል፤ ቦታ ቦታ ላይ ቅርፊቱ ተገፍቶ ቆሟል፤ መንገዱን የሚያሳዩት የተቆለሉ ድንጋዮች ናቸው። መሐሉ ላይ ስንደርስ ዝናብ ጣል ጣል አለ። ወዲያው ከየስንጥቁ እንፋሎት ይነሳ ጀመር። ተንበርክኬ መዳፌን ወደ አንዱ ስንጥቅ አስጠጋሁ። ለብ ያለ እርጥብ አየር ነው፤ የእጄ ጀርባ ወዲያው ወረዛ።

«ቦኩ ነው እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እቴ፣ በናትሽ ሰው ይሰማል» አለችኝ እህቴ፤ ማን አማርኛ እንደሚሰማ እንጃ።

አዳማ ያደገ ሰው ቦኩን ያውቃል። እማዬ ጉልበቷን ሲያማት ሄዳ የምትታጠነው እንፋሎት ነው። አሠራሩም ያው ነው፤ የዝናቡ ውኃ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ከታች የጋለ ዐለት ያገኘዋል፣ እንፋሎት ሆኖ ይመለሳል። ልዩነቱ እዚያ መግቢያ የሚከፈልበት ብሔራዊ ፓርክ፣ ካርታና ጠባቂ ያለው መሆኑ ነው፤ የእኛው ግን ፎጣ ይዞ የሚኬድበት ነው። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ፣ ለጉልበት የእኛው።

ከዚያው ስንጥቅ ውስጥ፣ ከስንዝሬ የማትበልጥ ኦሂያ ወጥታ ጫፏ ላይ ቀይ አበባ ይዛለች። አፈር የሚባል ነገር በአጠገቧ የለም። አዲስ ላቫ ላይ ከዛፎች ቀድሞ የሚበቅለው እሱ ነው አሉ። እህቴ ላቫው ሲወረወር ለማየት ነው የመጣችው፤ እሱ የሰዓታት ነገር ነው። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ እሳቱ የተወውን መሬት ዛፉም፣ ዝናቡም፣ ሰውም እንዴት አድርገው መልሰው እንደሚይዙት። ለእማዬ ጥያቄ መልሴ ይኸው መሰለኝ፤ እሷ ግን እስካሁን አልተቀበለችውም።

ፖሆይኪ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ፤ ልጄ በዕድሜ ትበልጠዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ኪላዌያ በምሥራቁ ጫፍ በሰፈሮች መካከል ፈንድቶ 700 ገደማ ቤቶች በላ፤ አንድ ሙሉ የባሕር ወሽመጥም ደፈነ። ላቫው ባሕር ሲገባ እየተሰባበረ ጥቁር አሸዋ ሆነ፤ ማዕበሉም አሸዋውን አምጥቶ ፖሆይኪ ላይ ቆለለው። የጀልባ ማውረጃውን ከባሕር ስለቆረጠው ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን በመኪና እየጎተቱ ሂሎ ከተማ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። አሁን ቤተሰብ ምሳ ይዞ ይመጣል፤ ልጆች ይቦርቃሉ። አሸዋውን ዘገን አድርጌ አየሁት፤ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ገና አልተሸረፈም።

ወደ ደቡብ ስንዞር ፑናሉኡ ላይ የባሕር ኤሊዎች ጥቁር አሸዋው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሦስት ሜትር ያህል ርቆ ማየት ነው ደንቡ። ልጄ በስልክ «ድንጋይ አምጪልኝ» ብላኝ ነበር፤ አላመጣሁም። በሃዋያውያን እምነት እሳተ ገሞራው የፔሌ የምትባል አምላክ ቤት ነው፤ ድንጋይዋን የወሰደ ሰው ዕድሉ ይጠመማል ይባላል። ወስደው ከቤታቸው በፖስታ የሚመልሱ ጎብኚዎች ሞልተዋል። እማዬ ይህን ስትሰማ ብቻ ነው የተስማማችው፤ «ልክ ናቸው፣ የሰው አገር ድንጋይ ምን ያደርጋል?»

ከፑናሉኡ ብዙም ሳይርቅ ፓሃላ የምትባል ከተማ አለች። ከመኪናው ሳልወርድ ነው ያወቅኋት፤ በመስመር የቆሙ ቆርቆሮ የለበሱ የሠራተኛ ቤቶች። አባዬ ጡረታ የወጣው ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሆላንዶቹ ከከፈቱት። ፓሃላ ደግሞ የደሴቲቱ የመጨረሻ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የተዘጋባት ናት። ፎቶ ላክሁለት። ስለ ተራራው ምንም አላለም። «አገዳው የታለ?» ብቻ አለ። ማካዳሚያ የሚባል ለውዝና ቡና ተክለውበታል ስለው «ሠራተኛውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ ከመኪና መስኮት አይገኝም።

ምግቡን በአጭሩ፤ ፖኬ ጥሬ ቱና ነው፣ ተከትፎ በአኩሪ አተር ማጣፈጫና በሰሊጥ ዘይት የታሸ። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚበላ ሕዝብ በዚህ ሊደነግጥ አይገባም፤ እኔ ግን ደነገጥሁ፤ ከዚያ ጨመርሁ። ፓፓያው የአዳማውን አያስንቅም።

መጨረሻ ላይ ኮና ተመልሰን አንድ ቡና እርሻ ገባን። ቡና እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው፤ እርሻዎቹም አብዛኞቹ አነስተኛ የቤተሰብ ይዞታዎች ናቸው። ጠዋት ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት ደመናው ከተራራው ይወርድና ጥላ ይሆናል። ከተክሉ ሥር ያለው አፈር ሳይሆን ላቫ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀይ ፍሬ ቀጥፌ ጣፋጩን መጥጬ ፍሬውን መዳፌ ላይ ስተፋ አይተው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው ማስረዳቱን ላቁም» አሉ። አላቆሙም። በጣም የተናደዱበት ነገር አለ፤ ለረጅም ዓመታት የሃዋይ ሕግ 10 በመቶ ብቻ የኮና ቡና ያለበትን ቅልቅል በኮና ስም ለመሸጥ ፈቅዷል። ሕጉ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ 51 በመቶ ሊሆን ነው፤ እሳቸው ግን የሚፈልጉት መቶውን ነው። ስለ ቡና ስም የሚጣላ ገበሬ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

ቡናውን በትልቅ ኩባያ ቀዱልን። አቦሉ ያ ብቻ ነው፤ ቶና የለ፣ በረካ የለ፣ ፈንዲሻ የለ። ጥሬውን ትንሽ ገዝቼ መጣሁ፤ እማዬ እሑድ ቆልታ እስከ በረካ አፈላችው። «ደህና ነው፣ ለስላሳ ነው» አለች። ቀጥላ ስንት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ፤ ነግሬያት ይኸው እስከ ዛሬ ለጎረቤት ታወራብኛለች።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፤ ሂሎ በኩል ዝናቡ አይጣል ነው፣ የዝናብ ልብስ ያዙ። የፀሐይ ቅባት ስትገዙ ደግሞ ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጡር የሚጎዱት ሁለት ኬሚካሎች፣ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት፣ ያሉባቸውን እዚያ መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ጽሑፉን አንብቡ። ነጠላ ጫማ ለሆቴል ብቻ ነው፤ ላቫ ላይ ቆዳ ይልጣል።