«ታይም አውት»ን በቡናና በበርበሬ ቆጠርኩት

ጃዝ ይከብደኛል የምትሉ ካላችሁ ከዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት» ጀምሩ። ፒያኒስቱ ብሩቤክ ከባንዱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ የቀዳው አልበም ነው። ፖል ዴዝመንድ ሳክስፎን፣ ዩጂን ራይት ቤዝ፣ ጆ ሞሬሎ ድራም ይጫወታሉ። 7 ሙዚቃ ብቻ ነው ያለው፣ 40 ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን መስማቱ ብቻ አልበቃኝም። እያጨበጨብኩ አብሬው መሄድ፣ ከዚያም በኪቦርድ መሞከር ፈለግኩ።

በዚያ ዘመን አብዛኛው ጃዝ በአራት ምት ነበር የሚሄደው። ብሩቤክ እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ልኮት ብዙ አገር ሲዞር፣ ቱርክ ውስጥ የመንገድ ሙዚቀኞች በዘጠኝ ምት ሲጫወቱ ሰማ። የአልበሙ መክፈቻ «ብሉ ሮንዶ አ ላ ተርክ» የመጣው ከዚያ ነው። ዘጠኙ የሚከፈለው ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ነው። ይሄ ሦስት ጊዜ ይደጋገምና አራተኛው ላይ ሲደርስ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ይሆናል።

ይህንን ከአንድ እስከ ዘጠኝ እየቆጠሩ መከተል አይቻልም፣ በዚያ ፍጥነት ምላስ ይተሳሰራል። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ቃል ያዝኩ። ለሁለት ምት «ቡ-ና»፣ ለሦስት ምት «በር-በ-ሬ»። ቡና ቡና ቡና በርበሬ፣ ቡና ቡና ቡና በርበሬ፣ ቡና ቡና ቡና በርበሬ፣ በርበሬ በርበሬ በርበሬ! መጀመሪያ ሙዚቃውን ሳልከፍት በዝግታ እያልኩ የየቃሉ መነሻ ላይ አጨበጭባለሁ። መንገድ ላይም እየሄድኩ በሆዴ እለዋለሁ። አፌ ከለመደው በኋላ አልበሙን ስከፍተው ፒያኖው ራሱ ቡና ቡና የሚል መሰለኝ።

ሦስት ሦስቱ ቶሎ ገባኝ፣ ምክንያቱም ጆሯችን በችክችካ ነው ያደገው። ሠርግ ላይ ከበሮው ሲመታ ማን ስድስት ብሎ ይቆጥራል? እስክስታው በራሱ ይመጣል። ያስቸገሩኝ ሁለት ሁለቶቹ ናቸው፣ ልክ ሲመቸኝ ሦስቷ ትመጣና ታቋርጠኛለች። እዚያ ጋ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ ቀስ ብሎ መለማመድ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

ከዚያ ወደ «ቴክ ፋይቭ» ሄድኩ። ድርሰቱ የዴዝመንድ ነው፣ አምስት ምት፣ «በርበሬ ቡና»። በኪቦርድ ለጀማሪ የሚመች ነው፣ የፒያኖው ዋና ክፍል ኢ ፍላት ማይነርና ቢ ፍላት ማይነር የሚባሉ ሁለት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) እየተፈራረቁ ነው የሚሄደው። ፈተናው ያንን ሳይቀይሩ መቀጠል ነው። ሞሬሎ የድራም ሶሎውን (ለብቻው ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል) ሲጀምር ምቱን እየጎተተ፣ እያዘገየ፣ ባዶ ቦታ እየተወ ይሄዳል፣ እጅም እሱን ተከትሎ መሄድ ያምረዋል። የጠቀመኝ የፒያኖውን ክፍል ጮክ ብሎ በአፍ ማዜም ነው። አፍ ከያዘው እጅ አይጠፋም።

በዚህ ልምምድ መሀል ነው ብሩቤክን በጣም የወደድኩት። የባንዱ መሪ እሱ ነው፣ በጣም የታወቀው ሥራቸው ደግሞ «ቴክ ፋይቭ» ነው፣ እሱ ግን እዚያ ውስጥ አንድም ሶሎ የለውም! አብዛኛውን ጊዜ ያቺኑ ሁለት ኮርድ ይዞ ጓደኞቹን ተሸክሞ ይሄዳል። ሰውየው ከመድረክ ውጪም እንዲሁ ነበር፤ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁሩን ዩጂን ራይትን በነጭ ካልተካህ ሲሉት ኮንሰርቶቹን ትቷል።

ዘጠኙንና አምስቱን ከለመዳችሁ ቀጥሎ «ስሪ ቱ ጌት ሬዲ»ን ሞክሩ። በተራ ዋልዝ፣ ማለትም በሦስት ምት ይጀምርና ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ሁለት ጊዜ አራት እየተፈራረቀ ይሄዳል። በርበሬ በርበሬ፣ ቡና ቡና ቡና ቡና። እኔም አሁን የያዝኩት እሱን ነው።