ቀበሮ ፍለጋ ሄጄ ፍልፈል ላይ ቀረሁ

ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለውን መንገድ ልዝለለው፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ጎባ ግን እንቅልፍ የለም። ያደርኩበት ቤት የሰጠኝ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ነው። ሁለተኛ ስጠይቅ «የዛሬው ምን ብርድ አለው!» ተባልኩ። ጠዋት ደግሞ ባለመኪናው ማታ በተስማማንበት ዋጋ ላይ «የነዳጅ» ብሎ 1,000 ብር ጫነብኝ። የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ተከራክሬ ግማሹን አስቀነስኩ።

የባሌ ተራሮች አምባ የሆነው ሳነቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል። ሰው የሚወጣው ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው፤ እኔም እንደዚያው። አስጎብኚያችን ግን መኪናውን አስቆመና «እዚያች ጉድጓድ ላይ ዓይንህን ጣል» አለኝ። ስንቀጠቀጥ አይቶ ጋቢውንም ደረበልኝ። እስክንመለስ አልተቀበለኝም።

ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሞቅ ስትል አፈሩ ተነቃነቀ። መጀመሪያ ብቅ ያለው ዓይን ነው። የባሌ ግዙፍ ፍልፈል ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ብዙ ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። ከዚያ ግማሽ አካሉን አወጣ። በገጠጡት ጥርሶቹ ሳሩን ከርከም ከርከም አድርጎ አፉን ሞላ። ሳይዞር፣ ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ገባ። የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴን አስታወሰኝ፤ በሯን ገርበብ አድርጋ ዕቃዋን ትቀበልና ጥርቅም!

ደጁ ያለው ሳር ሲያልቅ ያንን ቀዳዳ በአፈር ደፍኖ ሌላ ይከፍታል። በቀን ውጭ የሚታየው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ትልቁ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቀይ ቀበሮም እዚህ በዋናነት የሚኖረው እሱን እየበላ ነው።

አጠገቡ አንዲት ቡኒ ወፍ አትጠፋም። እሱ ከቆፈረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ትጮኻለች፤ እሱም ይሰማታል።

ቀበሮው ሲመጣ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከጅብራው ጀርባ ወጥቶ ሆዱን መሬት አስነክቶ ተጠጋ። ወፏ ጮኸች፤ ፍልፈሉ እልም አለ። ቀበሮው በፊት እግሮቹ አፈሩን ጫር ጫር አደረገና ትቶት ሄደ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ኋላችን የደረሱ ጎብኚዎች «ቀበሮ አያችሁ?» ሲሉ አስጎብኚያችን «ምሳው አምልጦት ሄደ» አላቸው። የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱም ላይ ወጣን፤ 4,377 ሜትር ነው። ነፋሱ አላስቆም ስላለን ወዲያው ወረድን።